ታድግበታለች ያለው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ልጅቷ ጎበዝ አልነበረችም፣ ሰነፍም አልነበረችም።

ዝናሽ፣ «ልጄን ናሆምን የትኛው ኮሌጅ ልላከው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በአንድ ቃል እንድመልስልሽ ፈልገሽ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ከፊደል ብዙም አላለፍኩም፤ ስለ ኮሌጅ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ሰው ነው። የሰው ቤት ደግሞ በደንብ አያለሁ፤ ለዚህማ ስሜም ወጥቷል። ስለዚህ የዚህን ልብስ ሰፊ ነገር ልንገርሽና መልሱን አንቺው አውጪው። ካልወጣልሽ መጨረሻው ላይ እኔ አወጣልሻለሁ።

ሰውዬው የሚሠራው ከገበያው መውጫ ላይ ካለች አንዲት በረንዳ ነበር። ሁለት የስፌት መኪና ነበረው። ባንደኛው እሱ ይሰፋል፣ በሁለተኛው ሚስቱ የቁልፍ ቀዳዳና ጠርዝ ትሠራለች። ስሙ የታወቀው በተማሪ ዩኒፎርም ነው። ነሐሴ ሲጋመስ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ በረንዳዋ ይመጣሉ፤ እናት ሁሉ ደግሞ የምትለው አንድ ነገር ነው።

«ሰፋ አድርጋት ጋሼ፤ ታድግበታለች።»

አይፈረድባቸውም። ጨርቅ ውድ ነው፣ ልጅ ደግሞ እንደ እንጉዳይ ነው፤ ዛሬ የለካሽው ከርሞ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ልብስ ሰፊው እሺም እንቢም አይልም ነበር። ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ልጁን ይለካል፣ ከዚያ የሚሰፋው ልጁን ልክ አድርጎ ነው። ብቻ ትርፉን ጨርቅ ቆርጦ አይጥለውም። የሱሪውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ እጅጌውን ያጥፈዋል፣ በጎንና በጎኑም ትንሽ ትንሽ ይተዋል። ከውጭ ላየው ልብሱ ልክ ነው። ዓመት ሲዞር እናትየው ልጁን ይዛ ስትመጣ ስፌቱን ይተረትርና እጥፋቱን ያወርደዋል፤ ለዚህ ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም።

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ አፏ ልክ እንደ እኔ የማያርፍ። እሷ እጥፋት የሚባል ነገር አልዋጥላት አለ። የልጅ ልጇን ሱሪ ሰፊ አድርገህ ካልሰፋህ ጨርቄን መልስ ብላ በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ሰለቸውና እንዳለችው ሰፋላት። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጁ ሰልፍ ላይ እጁን በጎኑ አድርጎ ቆመ፤ ሰንደቅ ዓላማው ወደ ላይ ሲወጣ ሱሪው ወደ ታች ወረደ። ቅቤ ነጋዴዋ ሱሪውን ይዛ መጥታ ልብስ ሰፊውን ወቀሰችው፤ እሱን ማለቴ ነው፣ ራሷን አይደለም። ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊው ረጋ ብሎ የመለሰላት።

«እትዬ፣ ልጅ የሚያድገው ልብሱ ስለሰፋለት አይደለም። የምናለብሰው አሁን ያለውን ልጅ ነው፤ የነገውን ልጅ እጥፋት ውስጥ እናስቀምጠዋለን።»

ቅቤ ነጋዴዋ ሱሪውን ጠቅልላ ሄደች። አልረሳችውም ግን።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣልሽ። ወላጅ ሲጠራ አባትየው ሥራውን ትቶ ይሄድ ነበር። አስተማሪዎቹ አንደኛ ስለምትወጣው ልጅ የሚሉት አላቸው፤ ስለ መጨረሻው ልጅም የሚሉት አላቸው፤ እንዲያውም ስለሱ ብዙ ይላሉ። የሱ ልጅ ተራ ሲደርስ አስተማሪው ትንሽ ያስብና፣ ማን እንደሆነች ለማስታወስ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ያደርግና፣ «ደህና ናት» ይላል። በቃ። በየዓመቱ «ደህና ናት»። አባትየውም ደስ ብሎት ይመለሳል። ሰው ልጁ ደህና ናት ሲባል ምን ይከፋዋል?

አንድ ዓመት ብቻ ነገሩ ሌላ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለች አንድ የሂሳብ አስተማሪ፣ ተማሪው ሁሉ ሲወጣ በሩ ላይ ይቆምና በስሟ ጠርቶ «ገባሽ?» ይላት ነበር። ካልገባት ቁጭ ብሎ ያስረዳታል። ልጅቷ ሰው መሀል እጅ አታወጣም፤ ለብቻዋ ስትጠየቅ ግን ትናገራለች። ያን ዓመት ከፍ አለች። አባትየው «ዘንድሮ በርትታለች» ብሎ አዲስ ጫማ ገዛላት፤ ለምን እንደበረታች ግን አልጠየቀም። አስተማሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ልጅቷም ወደ «ደህና ናት» ተመለሰች።

አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ፈተናውን አለፈች፤ ማለፍ ብቻ፣ ከዚያ በላይ የሚወራ የለም። ልቧ የሄደው ወደ ላቦራቶሪ ነበር። አንድ ጊዜ ታማ ክሊኒክ ስትሄድ በአጉሊ መነጽር የሰው ደም የምታይ ሴት አይታ ነው ይህ ምኞት የያዛት። በክልላቸው ያለው ትምህርት ቤት ግን ቦታው ጥቂት ነው፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡት ያዙት። ቀሪው መንገድ ከክልል ውጭ ሄዶ ከፍሎ መማር ሆነ። ለዚህ ደግሞ ልብስ ሰፊው ያለው ዕድል አንድ ብቻ ነው። ተሳስቶ ልጅቷ ከመንገድ ከተመለሰች ሁለተኛ የሚልክበት አቅም አይኖረውም።

ሰው ሲያወራ የተሰሙት ኮሌጆች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሌላ ክልል፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ፎቁ ከሩቅ የሚታይ፣ ስሙ በሬዲዮ የሚነገር። ክፍያው ከባድ ነው፣ የከተማው የቤት ኪራይ ደግሞ የባሰ። ሁለተኛው ከሱም ርቆ ቆላ አገር ባለች ትንሽ ከተማ ያለ ነው። ክፍያው ቀላል፣ ኑሮው ቀላል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን የለም።

ከልብስ ሰፊው በረንዳ አጠገብ አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ሱቅ ነበረው። የሱ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ ኮሌጅ ገብቷል፤ ይህንንም ሚስማር ለመግዛት የመጣ ሁሉ ሳይሰማ አይሄድም። ቆርቆሮ ነጋዴው ልብስ ሰፊውን ሊመክረው መጣ። ኮሌጅ ማለት፣ አለው፣ ልጅህ የት ናት ሲሉህ ስሙን ስትጠራ ሰው ዝም የሚልበት ነው። ስለ ሁለተኛው ሲነሳ ሳቀ። «እዚያ ደግሞ የሚማረው ማነው? ግመሎቹ ናቸው?»

ልብስ ሰፊው ሳቀለት። ቀልዱ ግን ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ያን ሰሞን ማንም «ልጅህን የት ልትልካት ነው?» ሲለው ግመሉ ትዝ ይለው ጀመር።

ልጅቷን ይዞ ወደ ትልቁ ኮሌጅ ሄደ። ዝናሽ፣ በሩ ራሱ እንደ ቤተ መንግሥት ነበር ይላሉ። ግድግዳው መስታወት፣ ወለሉ መስታወት፤ ሰውዬው ጫማውን ያወልቅ እንደሆነ ጨንቆት በሩ ላይ ቆሟል። አዲስ ተማሪዎችንና ወላጆችን አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቧቸው። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ የቆመም አለ። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ስለ ኮሌጁ ብዙ ተናገረና ሲጨርስ «ጥያቄ ያላችሁ» አለ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። እጇም ከጉልበቷ ላይ ትንሽ ተነሳ። ከዚያ መልሳ አወረደችው። ይህንን አይቷል፤ ዓይኑ ግን ወዲያው ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ጣሪያው ላይ የተሰቀለው መብራት የገበያቸውን አደባባይ በሞላ ያበራል።

ሲመለሱ ልጅቷ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አንድ ቃል ሳትናገር ገቡ። እሱ ደክሟት ነው ብሎ አሰበ። ምናልባትም ደስታ ነው ብሎ አሰበ። ሰው የፈለገውን ነው የሚያስበው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልጅቷን ትልቁ ኮሌጅ ያስገባታል፤ ለክፍያው ሁለተኛውን መኪና ይሸጣል፤ ገዢም አግኝቷል፤ ቅዳሜ ይመጣል። ሚስቱ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። በሁለት መኪና ያልሞላ ወር በአንድ መኪና እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ጠየቀችው። ልጅቷስ ትችለዋለች ወይ ብላም ጠየቀችው፤ ትምህርቱን፣ ከተማውን፣ ያንን ሁሉ ሰው።

«ታድግበታለች» አላት።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ይህንን ቃል የሆነ ቦታ የሰማችው መሰላት፤ ግን ከየት እንደሆነ አልመጣላትም። ተነስታ መኪናዋን ወለወለች፣ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችላት፤ እንደሚሸኝ ሰው።

አርብ የገበያ ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ለልጁ የላቦራቶሪ ነጭ ጋዋን ሊሰፋላት ጥሩ ጨርቅ ገዝቶ ነበር። አሁን ልብ በይ። ይህ ሰው የጎረቤት ሕፃን እንኳ ሳይለካ መቀስ አያነሳም። ለልጁ ግን ሜትሩን አላወረደም። በዓይኑ ቆረጠ። ዓይኑ ደግሞ ያን ጊዜ የሚያየው ልጅቷን አልነበረም፤ በዚያ መስታወት ቤት ውስጥ የምትራመድ ሌላ ትልቅ ሴት ነበር የሚያየው። ሰፍቶ ጨረሰና ልጅቷን ጠራት።

ለበሰችው። ትከሻው ክንዷ ላይ ወረደ። ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ደረሰ። እጅጌው እጆቿን ዋጣቸው። ልጅቷ እጅጌውን አንድ ጊዜ ጠቀለለችው፣ አሁንም እጇ አልወጣም፣ ደግማ ጠቀለለችው።

«ቆንጆ ነው አባዬ» አለች። እሷ ምንጊዜም እንዲህ ናት።

አባትየው ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ዙሪያዋን ዞረ። አንድ ነገር ደስ አላለውም፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

«ትንሽ ሰፋ ብሏል፤ ግን ታድግበታለሽ።»

ቅቤ ነጋዴዋ እዚያው ነበረች። ቀሚሷ ጠቧት ልታስለቅቅ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ እጅጌውን አየች። ከዚያ ሳቋ ከሆዷ ጀምሮ መጣ፤ ነጠላዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«አንተ ሰውዬ፣ የልጅ ልጄ ሱሪ ጊዜ ምን ነበር ያልከኝ? የምናለብሰው አሁን ያለውን ልጅ ነው አላልከኝም? ይኸው፣ ያለችው ልጅህ ይቺ ናት። እጇ የታለ?»

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። አልተቆጣምም። የልጁን እጅ ፈለገ። እውነቷን ነው፣ እጇ የለም። የልጅቷን ፊት አየ፤ ያ ፊት በአዳራሹ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየው ፊት ነው። ስፒሎቹን ከአፉ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

«እዚያ አዳራሽ ውስጥ ልትጠይቂ የነበረው ምን ነበር?» አላት።

«ምንም።»

«እጅሽን አንስተሽ ነበር እኮ።»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ባንድ አጉሊ መነጽር የሚያዩት ስንት ተማሪዎች እንደሆኑ ልትጠይቅ እንደነበር ነገረችው።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?»

«ሰው ብዙ ነበር» አለች።

ልብስ ሰፊው ጋዋኑን ከላይዋ አወለቀው። ቁጭ ብሎ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከትከሻው ጀምሮ መተርተር ያዘ። ያን የመሰለ አዲስ ልብስ። ቅቤ ነጋዴዋ እንኳ መሳቋን ተወች። ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ብላ ክሩ መሬት ላይ ሲከመር አየች፤ ያን ጊዜ «ታድግበታለች» የሚለውን ቃል ከየት እንዳወቀችው መጣላት።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ልብስ ሰፊው ትንሽ ታገሰኝ አለው። ገዢው ከሩቅ መምጣቱን ነግሮት፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ብሎት፣ ተቆጥቶ ሄደ። ይህም ያስፈራ ነበር፤ እንዲህ ያለ ገዢ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

ሰኞ ልጅቷን ይዞ ወደ ቆላዋ ከተማ ወረደ። በዚህኛው ጉዞ የሄደው እንደ አባት ሳይሆን እንደ ልብስ ሰፊ ነው። የኮሌጁን በር ለማየት አልቸኮለም። መጀመሪያ የሄደው ጤና ቢሮ ነው፤ የኮሌጁ ወረቀት የታወቀ መሆኑን፣ ላቦራቶሪውንም ለማስተማር ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠየቀ። ለፍተው ከተማሩ በኋላ ወረቀታቸው አይታወቅም ተብለው የተመለሱ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል። የታወቀ ነው አሉት። ከዚያ የከተማዋን ክሊኒኮች እየዞረ፣ ራሴን አሞኛል እያለ፣ ደሙን ለምርመራ ሰጠ። ደሙን የሚቀዱትን ልጆች የት እንደተማሩ ጠየቃቸው። «እዚሁ» አሉት። ክንዱ በመርፌ ተበሳስቶ፣ ምንም በሽታ የለብህም ተብሎ፣ ደስ እያለው ወጣ። ልጅቷ እንዲያ ስትስቅ ከታየች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ በአባቷ ሳቀች።

ኮሌጁ በር የሚባል የለውም፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ሙቀቱ ሰውን ያቀልጣል። ልብስ ሰፊው ዛፉ ሥር ተቀምጦ በተከፈተው በር ወደ ክፍሉ ተመለከተ። የምታስተምረው ሴት ናት፤ የዚያው አገር ሰው፣ አማርኛዋ ቆም ቆም የሚል። ገና ስትገባ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችና ያልመጣውን ልጅ በስሙ ጠራች። ማንም የሚያውቅ የለም። አንዱን ተማሪ አስነስታ፣ ሂድና ቤቱን አንኳኳ፣ ወባ ይዞት ይሆናል፣ አለችው። ልጁ ሄደ። እሷም ማስተማሯን ቀጠለች።

ልብስ ሰፊው ይህንን ሲያይ ያን በሩ ላይ የሚቆም የሂሳብ አስተማሪ አስታወሰ። «ገባሽ?» የሚለውን። ልጁ የበረታችበትን ምክንያት በዚያች ሰዓት፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አወቀው።

አስተማሪዋ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን አስግጋ ስትመለከት አየቻትና «ነይ፣ እይ» አለቻት። አጉሊ መነጽሮቹ ያረጁ ናቸው፤ ያንዱ እግር በፕላስተር ታስሯል። ተራ የማይደርሰው ግን የለም። ልጅቷ ዓይኗን አስጠጋች። ብዙ ቆየች። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ቆየች። ከዚያ አባቷ ቤት ውስጥ ብቻ የሚሰማውን ድምፅ ሰው መሀል ሰማው።

«ይቺ የምትንቀሳቀሰው ሕይወት ኖሯት ነው ወይስ ውሃው ነው የሚወስዳት?»

አስተማሪዋ አልመለሰችላትም። «ሌሎቹም ወደዚያው እየሄዱ ነው ወይስ እሷ ብቻ ናት?» አለቻት። ልጅቷ ዓይኗን መለሰች። ትንሽ ቆይታ፣ «እሷ ብቻ ናት፤ ሕይወት አላት» አለች፤ ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች።

ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ አስተማሪዋን አስቁሞ፣ ልጄ እዚህ ከጨረሰች በኋላ መንገዱ እዚህ ላይ ያበቃል ወይ ብሎ ጠየቃት። አስተማሪዋ ሳቀች።

«አባት፣ እኔም ከዚህ ግቢ ነው የወጣሁት። ውጤቷ ካማረ ትልቁ ቦታ ሄዳ ትጨምራለች፤ እኔ ጨምሬ ተመለስኩ።» ከዚያ ደግሞ ሳትደብቀው ነገረችው፤ ውሃ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ያስለቅሳል፣ የመጀመሪያውን ወር ልሂድ የማይል ተማሪ የለም።

ልብስ ሰፊው በሆዱ «እጥፋት አለው» አለ። ለእሱ ይህ በቂ ነበር።

ሲመለሱ ልጅቷ አውቶቡሱ ውስጥ አወራች። ስለ አጉሊ መነጽሩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለታመመው ልጅ፣ ወባ ሆኖ ይሆን እያለች። አባቷ እንቅልፍ ይዞት ሲነቃም እያወራች ነበር።

አገር ቤት ሲገቡ ቆርቆሮ ነጋዴው ሰው ሰብስቦ ሳለ «የት አደረግካት?» አለው። ልብስ ሰፊው የከተማዋን ስም ነገረው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቆርቆሮ ነጋዴው ስለ ግመሉ ደገመለት። አልዋሽሽም ዝናሽ፣ ሰውዬው አፍሯል። አንገቱን ደፍቶ መርፌው ውስጥ ክር እያለ ሌላ ክር ሊያስገባ ሲታገል አይቻለሁ። ግን ቃሉን አልለወጠም። ያን ጋዋን በሜትር ለክቶ፣ ልጅቷን ልክ አድርጎ ሰፋው፤ ጠርዙን፣ እጅጌውን፣ ጎኑን አጥፎ። ሁለተኛው መኪናም አልተሸጠም። የልጅቷ የኮሌጅ ክፍያ ወር በወር ከእናቷ መኪና ወጣ፤ መኪናዋ ቁጭ ብላ እሷን አስተማረች ብትዪ ይቀላል።

ልጅቷ በመጀመሪያው ወር ስልክ ደውላ አለቀሰች። ልምጣ አለች። እናቷ ነጠላዋን አንስታ ልትሄድ ነበር። በማግስቱ ልጅቷ ደግማ ደወለች፤ ትናንት ክፍል ስላልገባች አስተማሪዋ ሰው ልካ በሯን አስንኳኩታለች፤ ክፍል ሄዳለች፤ ደህና ናት። አባትየው ስልኩን ዘጋ። «ደህና ናት» ሲባል እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ለዕረፍት መጣች። በቁመት እንኳ አልጨመረችም፤ ወፍራ ነው የመጣችው፣ ጋዋኑ ጎኗ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ቅቤ ነጋዴዋ ዙሪያዋን ዞራ፣ ሙቀት ያከሳል የሚሉት ውሸት ነው ለካ ብላ ቀለደችባት። አባቷ መቀሱን ሲያነሳ ልጅቷ «ተወው አባዬ» አለችው። የእናቷ መኪና ላይ ተቀመጠች፣ ስፌቱን ራሷ ተረተረች፣ በጎኑ የታጠፈውን ጨርቅ ለቀቀችው፣ ደግማ ሰፋችው። አባቷ ሥራውን ትቶ አያት። እጥፋቱን ያስቀመጠው እሱ ነው፤ የፈታችው ግን እሷ ናት።

ትምህርቷን ጨርሳ የሙያ ፈተናውን አለፈች፤ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ደም የምታየው ሴት እሷ ናት፤ ሌላ ልጅ እሷን አይቶ ይመኛል። የበለጠ ለመማርም አመልክታለች። የቆርቆሮ ነጋዴው ልጅም ትልቁን ኮሌጅ ደህና አድርጎ ጨረሰ፤ እሱን የሚነቅፍ የለም። ያ ልጅ ሰው መሀል ቆሞ የሚጮህ ልጅ ነበር፤ የዚያ ቤት ልብስ ልኩ ነበር።

እንግዲህ ዝናሽ፣ አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። ናሆም ልኩ ምን ያህል ነው? ፎቁን አልጠየቅኩሽም፤ ልጅሽን ነው የጠየቅኩሽ። ነጥቡ መሀል ላይ ነው ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ መጣሽ። መሀል መሆን ነውር አይደለም። ከፍ ያለውን ልጅ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የወደቀውን ያዝኑለታል፤ የመሀሉን ነው የሚረሱት። አንቺም ስሙ ከሚነገርለት ቦታ ልታስገቢው የምትሮጪው ልጁ ስላነሰብሽ እንዳይሆን፤ ልብስ ሰፊውም ያን ሰፊ ጋዋን የቆረጠው ልጁን ስለናቀ አልነበረም፤ ስላላያት ነው። ያ ጋዋን የናሆም ትልቅ ኮሌጅ ነው፤ እጅጌው እጁን ከዋጠው በምን ይጽፍበታል?

ርካሽ ስለሆነ ብቻም አትላኪው። ወረቀቱ የማይታወቅ ቦታ እጥፋት የሌለው ልብስ ነው፤ ዛሬ ይለብሰዋል፣ ከርሞ ይቀደዳል። ጠይቂ፤ እዚያ የተማሩትን ፈልገሽ ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የሚቀጥል መሆኑን ጠይቂ። ክልሉ ሌላ ነው፣ ቋንቋው ሌላ ነው ብለሽ አትፍሪ፤ ከክፍል ሲቀር የሚታወቅለትን ልጅ የትም ልከሽ መተኛት ትችያለሽ። የሚያስፈራው ቢቀር ማንም የማያውቅበት ቦታ ነው፤ ያ ደግሞ እዚሁ ከደጃፍሽም ሊሆን ይችላል።

ጎረቤት ምን ይላል ብለሽም እኔን አትይኝ። ጎረቤት እኔ ነኝ፤ የትም ብትልኪው ማውራቴ አይቀርም።

ይልቅ ልጁን ያዢና ሂዱ፤ ያሰብሻቸውን ቦታዎች አብራችሁ እዩ። በሩን እሱ ይይ፤ አንቺ እሱን እዪ። ስትመለሱ ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ። ዝም ካለ ስሚው፤ ካወራም ስሚው።